ሲሊካ ኤሮጄልን በከባቢ አየር ግፊት ማድረቅ፦ ለተመራማሪዎችና ለአመልካቾች የቀረበ ማብራሪያ

ሲሊካ ኤሮጄል የአሸዋና የመስታወት ዋና ክፍል ከሆነው ሲሊካ የሚሠራ፣ ከመጠነ ይዘቱ ከ90 በመቶ በላይ አየር የሆነ እጅግ ቀላል ጠጣር ነው። ቀዳዳዎቹ በአመዛኙ ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር ብቻ ስለሚሰፉ በውስጣቸው ያለው አየር ሙቀትን እንደ ልብ ሊያሻግር አይችልም። የጥሩ ኤሮጄል ሙቀት አስተላላፊነት ለአንድ ሜትርና ለአንድ ኬልቪን 0.015 ዋት ገደማ ሲሆን፣ የረጋ አየር ግን 0.026 ገደማ ነው። ስለሆነም ለሙቅ ቧንቧዎች፣ ለማቀዝቀዣዎችና ለሕንፃዎች ሙቀት ከላካይ ሆኖ ያገለግላል።

ይህ ማብራሪያ ከፍተኛ ግፊት የሚችል መሣሪያ የሌላቸው ቤተ ሙከራዎች ኤሮጄልን እንዴት ማዘጋጀትና መመርመር እንደሚችሉ፣ ምን ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚገባቸውም ይገልጻል።

ዋናው ችግር

እርጥብ ጄል እንዲሁ ሲደርቅ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በገጽ ውጥረቱ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጄሉም ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኪስትለር እ.ኤ.አ. በ1931 ይፋ ባደረገው ዘዴ፣ ፈሳሹን በታሸገ የግፊት ዕቃ ውስጥ በማሞቅ በፈሳሽና በጋዝ መካከል ያለው ወሰን እንዲጠፋ አድርጓል። ይሁን እንጂ ሜታኖል ለዚህ 240 ዲግሪ ሴልሺየስና 80 አትሞስፌር ገደማ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በስዊድን በሚገኝ የኤሮጄል ማምረቻ ውስጥ ሜታኖል አፈትልኮ ከባድ ፍንዳታ ደርሷል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማድረቅ 31 ዲግሪ ገደማ ቢበቃውም 73 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ጄፍሪ ብሪንከርና ባልደረቦቹ ያለ ግፊት ዕቃ ስስ የኤሮጄል ንጣፍ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። የዘዴው ቁልፍ የጄሉን ውስጣዊ ገጽ መለወጥ ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1. ጄል ማዘጋጀት፦ ቴትራኤቶክሲሲሌን በኤታኖልና በውሃ ውስጥ መጀመሪያ በአሲድ፣ ቀጥሎም በአሞኒያ አማካይነት ወደ ጄል ይለወጣል። በዋጋ የሚረክሰው ሶዲየም ሲሊኬትም ያገለግላል፤ ነገር ግን የሶዲየም ጨው በሚገባ መወገድ አለበት። በሲሊካ የበለጸገ የሩዝ ገለባ ወይም የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተረፈ ምርት አመድም የሲሊኬት ምንጭ ሊሆን ይችላል።
2. ማቆየት፦ ጄሉ በፈሳሽ ውስጥ እንደተዘፈቀ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ሲቆይ አጽሙ ይጠነክራል።
3. ፈሳሹን መተካት፦ ውሃውና አልኮሉ ደረጃ በደረጃ እንደ ሄክሴን ባለ ፈሳሽ ይተካሉ። የሄክሴን የገጽ ውጥረት ከውሃ አንድ አራተኛ ያህል ነው።
4. ገጹን መለወጥ፦ ትራይሜቲልክሎሮሲሌን የሲሊካውን የሃይድሮክሲል ቡድኖች በሜቲል ቡድኖች ይሸፍናል። ያልተሸፈኑ ግድግዳዎች በመኮማተር ጊዜ ሲነካኩ ለዘለቄታው ይጣበቃሉ፤ የተሸፈኑት ግን ስለማይተሳሰሩ ጄሉ ፈሳሹ ሲያልቅ መልሶ ይነፋል። ውሃ ገፊም ይሆናል።
5. ማድረቅ፦ ሙቀቱ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ በዝግታ ይጨምራል።

የከፍታ ጉዳይ

በባሕር ወለል ላይ ሄክሴን በ69 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ የመፍያ ነጥቡ ወደ 60 ዲግሪ ይወርዳል። በሌላ አገር የተጻፈ የሙቀት መመሪያ ሳይስተካከል ከተወሰደ ፈሳሹ በጄሉ ውስጥ ሊፈላና ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ፈሳሽ እስኪተን ድረስ ሙቀቱን በአካባቢው ካለው የመፍያ ነጥብ በታች ማቆየት ይገባል።

ጥንቃቄ

የግፊት ዕቃው መቅረቱ አደጋን ሁሉ አያስቀርም። ትራይሜቲልክሎሮሲሌን ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያመነጫል። የሄክሴን ትነት በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ከአየርም የሚከብድ ስለሆነ በወለል ላይ ይሰራጫል። ሥራው ትነት መሳቢያ ባለው መሥሪያ ውስጥ፣ ከእሳትና ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ርቆ፣ በጓንትና በዓይን መከላከያ መከናወን ይኖርበታል። ያገለገለው ፈሳሽ ወደ ፍሳሽ መስመር መጣል የለበትም። የኤሮጄል ብናኝም ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ያደርቃል።

ውጤቱን ማረጋገጥ

ብርሃን የሚያሳልፍ ቀላል ቁራጭ መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቢያንስ የሚከተሉት ሊለኩ ይገባል፦

- እፍግታና የመኮማተር መጠን፤ ጥሩ ናሙና በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.1 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤
- በናይትሮጅን ጋዝ የሚለካ የውስጥ ገጽ ስፋት፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግራም ከ500 እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ነው፤
- የውሃ ጠብታ በገጹ ላይ የሚሠራው ማዕዘን፤ ከ90 ዲግሪ በላይ ከሆነ ገጹ ውሃ ገፊ ነው፤
- ሙቀት አስተላላፊነት።

ለፓተንት አመልካቾች

ከላይ የተገለጸው አሠራር ለሕዝብ የታወቀ በመሆኑ እርሱን ብቻ መድገም እንደ አዲስ ፈጠራ አይቆጠርም። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፈጠራው አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ ሊሆን የሚችል መሆን አለበት። ስለሆነም አመልካቾች ከታወቀው ዘዴ የተለየው የትኛው ደረጃ እንደሆነ፣ ልዩነቱ ያስገኘውንም ውጤት በመለኪያ አስደግፈው እንዲያቀርቡ ይመከራል።