«ሰው» በሁለት ጭረት

ቻይንኛ ልማር ስል ጓደኞቼ «ያን ሁሉ ሥዕል ማን ይችለዋል?» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ቻይና በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ዝርዝር ውስጥ በጣም የተለመዱት ፊደላት ብቻ 3,500 ናቸው። እኔ ግን ዱከም ካሉት የቻይና ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ ፈልጌያለሁና በአንዷ ጀመርኩ፤ «ሰው» በምትባለዋ።

መልኳ የእኛን «ለ» ይመስላል፤ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው በሏት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ «ለ»ን ስናይ ድምፁን እናውቃለን፤ ይቺ ግን ትርጉሟን እንጂ ድምፅዋን አትነግራችሁም። ስለዚህ ዓይን፣ እጅና ጆሮ ለየብቻቸው መማር አለባቸው።

አጻጻፏ ቀላል ነው። መጀመሪያ ከላይ ወደ ግራ የሚወርድ ጭረት፤ ቀጥሎ ከእሱ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተነሥቶ ወደ ቀኝ የሚወርድ። በቃ! ግን ተጠንቀቁ፤ የቀኙ ጭረት የግራውን አልፎ ወደ ላይ ከወጣ ፊደሏ «መግባት» ትሆናለች። «አፍ» የሚለው ፊደል ሲከተላቸው፣ በ«ሰው» የጀመረው «የሕዝብ ብዛት»፣ በ«መግባት» የጀመረው ደግሞ «መግቢያ» ይሆናል። በር ላይ ስታነቡት ልዩነቱ ይገባችኋል።

ድምፅዋ በ«ረን» እና በ«ዠን» መካከል ነው። የምላሳችሁን ጫፍ ወደ ላንቃ አጥፉ፤ ምላሳችሁ ግን አይንቀጥቀጥ። ቅላጼው ወደ ላይ ይወጣል፤ ያልሰማነውን ሰው «እ?» ብለን እንደምንጠይቀው። ቅላጼው መጀመሪያ ወርዶ ከተነሣ ግን «መታገስ» ያላችሁ ይመስላል።

«ስልኬ ይጽፍልኛል» የምትሉ አትጠፉም። ድምፁን በላቲን ፊደል ስትጽፉ ስልኩ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ይደረድራል፤ መምረጡ የእናንተ ነው። ቻይናውያን ራሳቸው በእጅ መጻፍ እየተዉ ስለሆነ «ብዕር አንሥቶ ፊደል መርሳት» የሚል አባባል አላቸው። እኔ ስልኬን አስቀምጬ፣ ጮክ ብዬ እየጠራሁ በየቀኑ 10 ጊዜ ወረቀት ላይ እጽፋታለሁ።

ድካሙ ይክሳል። «ሰው» ላይ አንድ አግድም መስመር ስትጨምሩ «ትልቅ»፣ ከላይ ሌላ ስትደግሙ «ሰማይ» ይሆናል። ከ«ኢትዮጵያ» ኋላ ስትገባ ደግሞ «ኢትዮጵያዊ» ማለት ነው። ለሥራ የሚጠይቀኝ ቻይናዊ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ የምመልሰው በእሷ ነው። እናንተም ዛሬ እስክሪብቶ አንሡና ሞክሯት፤ ሁለት ጭረት ናት።