መቶ የማይሞላው የፈላ ውኃ

በአዲስ አበባ የዲጂታል ቴርሞሜትር ዘንግ በሚፈላ ውኃ ሲነከር ማሳያው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቆማል። ብዙ ተማሪ «መሣሪያው ተሳስቷል» ብሎ ንባቡን 100 ላይ ለማድረስ ይቸኩላል። ስሕተቱ ግን የመሣሪያው አይደለም፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለች ከተማ የአየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃ በዝቅተኛ መጠነ ሙቀት ይፈላል። 0ን እንዳለ ትተን 92ን 100 ብናደርገው የጤነኛ ሰው 37 ዲግሪ 40 ሆኖ ይነበባል!

ስለዚህ ካሊብሬሽንን በበረዶ እንጀምር። የደቀቀ በረዶን በጥቂት ንጹሕ ውኃ አርሰን፣ ዘንጉን ዕቃውን ሳናስነካ እያማሰልን፣ አኃዙ እስኪረጋ እንጠብቅ። ከፍታ ይህን ነጥብ እምብዛም አይለውጠውምና ንባቡ 0 ሊሆን ይገባል፤ ካልሆነ ልዩነቱን መዝግበን እናርመው። ቀጥሎም የዕለቱን ግፊት ከባሮሜትር አንብበን፣ ለዚያ ግፊት የተሰጠውን የመፍላት ነጥብ ከሰንጠረዥ ወስደን በፈላ ውኃ እናረጋግጥ።