እንዚራ የሌለው በገና

በገናን ለማያውቅ፦ 10 አውታር፣ ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ ቀንበር፣ ከታች በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፤ በብዛት የሚሰማው በዐቢይ ጾም ነው። ክራሩን አግዝፎ “በገና አለኝ” የሚል ሰው ግን ዛሬም አይጠፋም። እንዚራው የት አለ በሉት።

እንዚራ ጥፍር የማታክል ቁራጭ ቆዳ ናት፤ አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ በሚባለው እንጨት ላይ፣ በአውታሩና በእንጨቱ መካከል ትገባለች። እሷ ከሌለች ድምፁ እንደ ክራር ጥርት ብሎ ቶሎ ይሞታል። ስትገባ አውታሩ ከበርኩማው ለጥቂት ይነሣል፤ ሲመታ እየተርገበገበ እንጨቱን ደጋግሞ ይነካካል፤ ያ ንብ የመሰለ ድምፅ የሚወጣው ያኔ ነው። ሕንዶች ታንፑራ የተባለ ባለ አውታር መሣሪያቸውን እንዲህ የሚያናግሩት በክር ነው።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ሠሪ ዘንድ የሄድኩ ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር።

“አባባ፣ ይሄኛው የተሰነጠቀ ይመስለኛል፤ ይነዝራል” አልኳቸው።

“ልጄ፣ የማይነዝረውን ነው እንጂ መጠርጠር!” ብለው አንዷን እንዚራ በጥፍራቸው ገፋ አደረጓት። አውታሩ ታፈነ። መለስ አደረጓት። አናገረ። በ10ሩም ላይ እንዲሁ ሲያደርጉ ቡናው ሁለተኛ ደረሰ።

አውታሩ የበግ አንጀት ነው፦ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ እርጥብ ሳለ ይገመዳል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። የመንዝ በግ በበርኖሱና በባናው ስሙ ይነሣል፤ አንጀቱን የሚያመሰግንለት ግን አላየሁም። ዛሬ ብዙው ሠሪ ናይለን ያስራል፤ አልፈርድበትም፣ አንጀት በክረምት እርጥበት ቅኝቱን ይስታል።

የምፈርደው ሳሎን ግድግዳ ላይ ፀሐይ ፊት በሚሰቅሉት ላይ ነው፤ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። “ይጮኻል” ብለው እንዚራውን የሚያወልቁትንማ ምን ልበል? ጩኸት መስሏቸው ከሆነ፣ ጸጥ ባለ ማታ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩትን የዓለሙ አጋን ቅጂ ይክፈቱ። ኢትዮፒክስ የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 11ኛው ቅጽ የእሳቸው ነው።

የገዛሁትን በገና ይዤ አዲስ አበባ ስገባ አንዱ አውታር መንዘሩን ትቷል፤ እንዚራዋ መንገድ ላይ ወድቃለች። ከአሮጌ ቀበቶዬ ጫፍ ቆርጬ ብሞክር ወፈረ። በምላጭ አሳስቼ መለስኩት፤ ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ። ሊነጋጋ ሲል አናገረ።