ቪፒኤንና የጎደለው ላይብረሪ

በሊኑክስ ላይ በተመሠረቱ ክፍት ምንጭ ሥርዓቶች አንድ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ ይዞ አይመጣም፤ ምስጠራን የመሳሰሉ ሥራዎችን፣ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ ከሚጠቀሙባቸውና «ላይብረሪ» ከሚባሉ የኮድ ስብስቦች ይዋሳል። በዚህም የዲስክ ቦታ ይቆጠባል፣ የደኅንነት ጉድለት ሲገኝም አንዱን ላይብረሪ ማደስ ተዋሾቹን ሁሉ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ተፈላጊው እትም ከሌለ ፕሮግራሙ ገና ከመነሳቱ ይቆማል።

ቪፒኤን፣ ማለትም በተጠቃሚው ኮምፒዩተርና በሩቅ ሰርቨር መካከል የተመሰጠረ መተላለፊያ የሚዘረጋው ሶፍትዌር፣ ሥራው በምስጠራ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሊኑክስ ሥርዓት ኡቡንቱ 22.04፣ ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 የተባለውን የምስጠራ ላይብረሪ ይዞ ስለመጣ፣ ለቀድሞው 1.1 እትም የተሰናዱ ፕሮግራሞች ላይብረሪው አልተገኘም እያሉ መቆም ጀመሩ።

ኤልዲዲ የተባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ዘርዝሮ የጎደለውን ለይቶ ያሳያል፤ የጎደለው ከታወቀ በኋላም በኡቡንቱና ዴቢያን በተባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ኤፒቲ በተባለው የጥቅል አስተዳዳሪ ይጫናል። ላይብረሪው ተጭኖ ሳለ ሥርዓቱ ካላየው ግን ኤልዲኮንፊግ የተባለው ትእዛዝ የላይብረሪዎቹን መዝገብ ያድሳል። አንዳንዶች አዲሱ እትም በአሮጌው ስም እንዲጠራ ያደርጋሉ፤ የሁለቱ ውስጣዊ አሠራር የተለያየ ስለሆነ ይህ ማታለያ ብዙም አያዋጣም። አሮጌውን እትም ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ደግሞ የባሰ ነው፤ ምንጩ አይታመንም፣ የ1.1 ተከታታይ የመጨረሻው የሆነው የ1.1.1 እትም ነጻ ድጋፍም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 አብቅቷል። ለአዲሱ ላይብረሪ የተሰናዳውን የቪፒኤን እትም መጫን ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።