በጥር የተሰጠ ገንዘብ በነሐሴ ያበላል
የእርዳታ እህል ከማን፣ መቼና እንዴት ይገዛ?



ባለፈው ክረምት ጉለሌ ከሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ አንዲት አረጋዊት እናት ከአንድ ተሸካሚ ጋር ቆመው አገኘናቸው። ተሸካሚው ግማሽ ኩንታል በቆሎ ተሸክሟል። እናታችን እህሉን በራሳቸው ገንዘብ ከአዲሱ ገበያ ገዝተው፣ ድርቅ ላገኛቸው ወገኖች እንድናደርስላቸው ነው ያመጡት። በምስጋና ተቀበልን። ሆኖም «እማማ፣ ለሌላ ጊዜ ገንዘቡን ቢሰጡን ይሻላል» ስንላቸው ቅር አላቸው። «ልጄ፣ ገንዘብ አይበላም። የተራበ ሰው የሚፈልገው እህል ነው» አሉ።

ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ «የሰጠነው ገንዘብ እህል የሚሆነው የትና እንዴት ነው?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ የእርዳታ እህል በአገር ውስጥ ከገበሬ የሚገዛበትን ምክንያት፣ ጥቅሙንና አደጋውን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በደጃችን የሚያልፈው እህል

ጉለሌ የምንኖር ሰዎች የእህልን መንገድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የጎጃም መንገድ ሱሉልታን አልፎ፣ የእንጦጦን ተራራ ወርዶ በአዲሱ ገበያ በኩል ከተማ ይገባል። ጤፍና በቆሎ የጫኑ መኪናዎች በዚሁ መንገድ ወደ መርካቶ እህል በረንዳ ሲወርዱ እናያለን። እህሉ ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ የሰብሳቢው፣ የደላላው፣ የመኪናው፣ የጅምላ ነጋዴውና የቸርቻሪው ድርሻ ይጨመርበታል። እናታችን የከፈሉት ዋጋ ይህን ሁሉ የያዘ ነው።

አሁን ያንን ግማሽ ኩንታል ወደ ሰሜን ወሎ እንውሰደው ብንል፣ ከጎጃም የመጣውን እህል መልሰን ወደ ሰሜን ልንጭን ነው። ነገር ግን ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚወስድ መንገድ አለ። እህሉ አዲስ አበባን ሳያይ ከሚመረትበት ወደሚፈለግበት ሊሄድ ይችላል። በዚያው ገንዘብ ተጨማሪ እህል ይገኛል፤ ከዋጋውም የሚበልጠው ክፍል ገበሬው እጅ ይገባል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው እርዳታ

ለብዙ ዘመን የእርዳታ እህል ሲባል በመርከብ የሚመጣ ስንዴ ማለት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1946 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የራሱ ገበሬዎች ያመረቱትን ትርፍ እህል ወደ ውጭ አገር መላክ ጀመረ። ሌሎችም አገሮች የየራሳቸውን እህል ልከዋል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በአሰብ ወደብ በኩል የገባው እህል የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉን ማንም አይክድም። እኛም አናቃልለውም።

ሆኖም የመርከብ እህል ውድ ነው፤ ይዘገያልም። የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከአሜሪካ ተጭኖ ወደ አሥር የአፍሪካ አገሮች የተላከው እርዳታ ለመድረስ በአማካይ 147 ቀን እንደፈጀ ገልጿል። እዚያው አገር ውስጥ የተገዛው የፈጀው 35 ቀን ነው። ከሰሐራ በታች ባሉት አገሮች የአገር ውስጡና የአካባቢው ግዢ በዋጋ ረገድ 34 በመቶ ያህል የሚቀንስ ሆኖ ተገኝቷል። ለተራበ ልጅ በአንድ ወርና በአምስት ወር መካከል ያለው ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

የ1994 ዓ.ም. ትምህርት

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን በራሳችን አገር የሆነው ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ ሰምሮ የበቆሎ ምርት እጅግ በዛ። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ወስዶ እንደተመከረው አመረተ። ነገር ግን የሚገዛው አጣ። ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ የሸጠው በቆሎ የማዳበሪያውን ዕዳ እንኳ የማይከፍልለት ብዙ ነበር። በኋላ የኢትዮጵያን ምርት ገበያ ያቋቋሙት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በ1999 ዓ.ም. አሩሻ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ ዋጋው 80 በመቶ ወድቆ እንደነበርና 300,000 ቶን ያህል እህል ሳይሰበሰብ ማሳ ላይ እንደበሰበሰ ተናግረዋል።

በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነና ስንዴ ከባሕር ማዶ ይጫን ጀመር።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እህሉ በአገሩ ነበረ፤ የተራበውም በአገሩ ነበረ። የጎደለው በጊዜው የሚገዛ፣ በደህና የሚያስቀምጥና ወደ ተራበው የሚያደርስ ነው። ዮሴፍ በግብፅ እህል ያከማቸው በጥጋቡ ዓመታት እንጂ ረሃቡ ከገባ በኋላ እንዳልነበር ሁላችን እናውቃለን።

ግዢው እንዴት ይካሄዳል?

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመስከረም 2001 ዓ.ም. ከገበሬ ማኅበራት እህል የመግዛት የአምስት ዓመት የሙከራ ሥራ በሃያ አገሮች ጀመረ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። የሥራውን አካሄድ በደረጃ እንመልከት።

አንድ ገበሬ ብቻውን አምስት ወይም ስምንት ኩንታል ይዞ ለትልቅ ገዢ ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ እህሉን ለቀበሌው መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ያስረክባል። ማኅበራቱ ተሰባስበው ዩኒየን ያቋቁማሉ፤ በባሕር ዳር መርከብ፣ በፍኖተ ሰላም ዳሞት የተባሉት እንደዚህ ያሉ ዩኒየኖች ናቸው። ገዢው ከዩኒየኑ ጋር አዝመራው ሳይሰበሰብ ውል ይዋዋላል። ዩኒየኑ ያንን ውል ለባንክ አሳይቶ ይበደራል፤ በብድሩም ገበሬው እህሉን ሲያስረክብ ወዲያው ይከፍለዋል። ከዚያ እህሉ ይበጠራል፣ እርጥበቱ ይለካል፣ በከረጢት ይሞላል፣ ይሰፋል፣ ይጫናል።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር ውሉ አስቀድሞ መደረጉ ነው። ገዢ እንዳለው ያወቀ ገበሬ ዘሩንና ማዳበሪያውን ያለ ፍርሃት ይወስዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥም ለዕዳ ሲል በወደቀ ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም።

ችግሮቹን አንደብቅም

በመጀመሪያ፣ ገበሬው የመንግሥትን ግዢ በመልካም አያስታውሰውም። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ኮታ ይመድብ፣ ዋጋውንም ከገበያው ዝቅ አድርጎ ይቆርጥ ነበር። ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። ይህ አሠራር እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየ። ስለዚህ ግዢ በፈቃድና በእውነተኛ ዋጋ ካልሆነ እርዳታ ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛ፣ ውል ይፈርሳል። ከውሉ በኋላ የገበያው ዋጋ ከጨመረ ገበሬው ለነጋዴ ሊሸጥ ይችላል። ልጆች ያሉት ሰው ነውና አንፈርድበትም፤ ገዢው ግን እህል ሳይዝ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ እህል ይበላሻል። እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከዓመታት በፊት ከአንድ ማኅበር በቆሎ ስንገዛ የእርጥበት መለኪያ አልያዝንም ነበር። ፍሬውን በጥርሳችን ሰብረን «ደርቋል» ብለን ጫንን። ከሁለት ወር በኋላ መጋዘኑ ሲከፈት ሽታው ከበር መለሰን። የሻገተ በቆሎ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስለሚያፈራ ለከብትም መስጠት አልቻልንም፤ አስቀበርነው። ያ ገንዘብ የእናንተ ገንዘብ ነበረ። ከዚያ ወዲህ እርጥበቱ ከ13 ነጥብ 5 በመቶ በላይ የሆነ በቆሎ አንጭንም።

አራተኛውና ከባዱ ችግር እዚሁ ጉለሌ አለ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔና ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት እህል ገዥ እንጂ ሻጭ አይደሉም። በገጠርም ከሚሸጠው የበለጠ የሚገዛ ገበሬ ብዙ ነው። የእርዳታ ድርጅቶች በክረምት፣ እህል ባነሰበት ወቅት ተሽቀዳድመው ከገዙ ዋጋው ይንራል፤ አንዱን ድሃ ሲያበሉ ሌላውን ያስርባሉ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር መንግሥት በአዲስ አበባ በየቀበሌው ስንዴ በቅናሽ እስከ ማከፋፈል ደርሶ ነበር። እንደዚያ ባለ ዓመት በአገር ውስጥ መግዛት ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ እህል ለከተማውም ለገጠሩም ይጠቅማል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ «ከአገር ውስጥ እንግዛ» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ከሚተርፈው አካባቢ፣ ከገበሬው ማኅበር፣ በትክክል መዝነንና ለክተን፣ ይልቁንም በጊዜው መግዛት አለብን። ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ያን ጊዜ እህሉ ሞልቷል፣ ዋጋው ዝቅ ብሏል፣ ገበሬውም ገዢ ይፈልጋል። የምንገዛው እህል ለሽሮ ሜዳው ሸማኔ ዋጋ አያስወድድም፤ ለገበሬው ግን ዋጋው እንዳይወድቅ ይረዳዋል።

ነገር ግን የመዋጮ ደብተራችንን ስንገልጠው ስጦታ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ ሆኖ እናገኘዋለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የረሃቡ ወሬ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው፤ ልባችንም የሚነካው ያን ጊዜ ነው። ጥር ላይ ሁሉም ደስ ብሎት ጥምቀትን ሲያከብር ስለ ረሃብ የሚያስብ ጥቂት ነው። ነገር ግን በጥር የተሰጠ ብር ከነሐሴው ብር ይልቅ ብዙ እህል ይገዛል፤ ክረምቱ ሳይገባ መንገዱም ሳይበላሽ እህሉን መጋዘን ያደርሳል።

ይህን ሁሉ ለእናታችን ቡና እየጠጣን አስረዳናቸው። በጸጥታ ካዳመጡን በኋላ፣ «እኔም እኮ የቤቴን ጤፍ የምሸምተው በጥር ነው። ለራሴ የማውቀውን ለሌላ ሰው ሳደርገው ረሳሁት» አሉ።

እኛም ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘንም። ለቤታችን ስንሸምት የምናስበውን ያህል ለተራበው ወገናችን ስንሸምትም እናስብ።