መልካቸው አንድ፣ ዘራቸው ብዙ፦ የወባ ትንኝ በምን ትለያለች?

ሮቤና ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ስለሆኑ ብርዱ ወባን ያርቅላቸዋል። በሀገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ከጎባ ተነሥቶ ሰነቴን የተሻገረ፣ የሀረናን ጫካ ጨርሶ ደሎ መና የወረደ ደገኛ ግን ወባ አገር ገብቷል። እዚያ የምትነድፈው ትንኝ የትኛዋ ናት?

መልሱ በዓይን አይገኝም። ድሮ አኖፊለስ ጋምቢየ በሚል አንድ ስም የምትጠራው ትንኝ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በማዳቀል ሙከራ ስትፈተን ብዙ ዝርያ ሆና ተገኘች። ዛሬ ቢያንስ ስምንት ናቸው፤ መልካቸው ግን በማይክሮስኮፕም አይለይም። በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ከእነዚሁ አንዷ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናት።

ዝርያዎቹን ለመለየት የረዳው ክሮሞዞማቸው ነው። ትንኝ ሦስት ጥንድ ክሮሞዞም አላት። በአብዛኛው ሕዋሷ ውስጥ እጅግ ቀጫጭን ናቸው። ደም ጠጥታ እንቁላል በምታሳድግበት ጊዜ ግን፣ እንቁላሉን በሚመግቡት ሕዋሶች ውስጥ ሳይከፈሉ ደጋግመው ስለሚባዙ ይወፍራሉ፤ ቀለም ሲነከሩ ደማቅና ፈዛዛ መስመሮች ይወጡባቸዋል። አንዳንዴ የክሮሞዞሙ ቁራጭ ተገልብጦ ቦታው ይመለሳል፤ የነጠላ ጥለት ተቆርጦ፣ ዞሮ እንደተሰፋ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ግልባጭ ዝርያን ለመለየት ይረዳል፤ ይሁንና ግልባጭ ሁሉ ዝርያ አይለይም። የአረቢየንሲስ የኤክስ ክሮሞዞም ግልባጭ በሁሉም ዘንድ ስላለ መታወቂያዋ ነው። በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉትን ግን አንዷ ትይዛቸዋለች፣ ሌላዋ አትይዛቸውም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ልዩነት ነው።

የጅማ አካባቢዋ ትንኝ ነገሩን አከበደችው። መስመሮቿ ከደቡብ አፍሪካዋ አኖፊለስ ኳድሪያኑላተስ ጋር ስለሚገጥሙ እንደ አንድ ዝርያ ተቆጥረው ነበር። ተመራማሪዎች ሲያዳቅሏቸው ግን ወንዶቹ ልጆች መካን ሆኑ፤ በዲቃሎቹ ሕዋስ ውስጥም የእናትና የአባት ክሮሞዞሞች በወጉ አልተጣመሩም። ግኝቱ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ታተመ፤ በ2013 አኖፊለስ አምሃሪከስ የሚል ስም ወጣላት። በእኔ አስተያየት ከመስመሩ ይልቅ ዳኛው ጋብቻው ነው።

ልዩነቱ ለጤና ሠራተኛው ትልቅ ነው። አምሃሪከስ በአብዛኛው ከብት ነዳፊ ናት፤ በወባ አስተላላፊነትም አትታወቅም። አረቢየንሲስ ሰውንም ከብትንም ትነድፋለች፤ ቤት ውስጥም ውጭም ታርፋለች። ዝርያ ሳይለይ ትንኝ መቁጠር ስለ አደጋው ብዙ አይነግርም። አሁን የትንኝ እግር ብቻ በዲኤንኤ ምርመራ ዝርያዋን ይናገራል።

ደገኛ ሰው በወባ ደጋግሞ ስላልተያዘ ሰውነቱ አልለመደውም፤ ሲይዘው ይበረታበታል። ስለዚህ ወደ ደሎ መና ስትወርዱ አጎበር ያዙ። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከተሰማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቆላ ወርዳችሁ እንደነበርም ንገሯቸው።