ሁለት ተሕዋስያን በአንድ ማብላያ ዕቃ

ከገለባ፥ ከበቆሎ አገዳ ወይም ተጨምቆ ከቀረ ሸንኮራ አገዳ ለነዳጅ የሚሆን አልኮል ማውጣት አስቸጋሪ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ የሚገኘው ስኳር ልዩ ልዩ መሆኑ ነው። ከነዚህም ዋነኞቹ ግሉኮስና ዛይሎስ ናቸው። እርሾ ግሉኮሱን ፈጥኖ አልኮል ያደርገዋል፤ ዛይሎሱን ግን በተፈጥሮው ሊጠቀምበት አይችልም። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሁለቱንም ይበላል፤ ነገር ግን ግሉኮሱ ካላለቀ ወደ ዛይሎሱ አይዞርም። ስለዚህ ወይ ስኳር ይባክናል፥ ወይ ጊዜ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃንሊና ሄንሰን፥ ግሉኮስ እንዳይበላ ተደርጎ የተለወጠ ኢ. ኮላይ ከተራ እርሾ ጋር በአንድ ዕቃ ቢኖር ምን ይሆናል ብለው በሒሳብ መረመሩ። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ቀርበው በስኳር አይሻሙም ማለት ነው።

የሒሳቡ አካሄድ እንደሚከተለው ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ የሚካሄዱት የኬሚካል ለውጦች በመቶ የሚቆጠሩ ስለ ሆኑ የሁሉንም ፍጥነት ለይቶ መለካት ዘበት ነው። በዚህ ፈንታ ሁለት ነገር ይታሰባል፤ ይኸውም በሕዋሱ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ሳይከማች ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል፤ ሕዋሱም ባገኘው ምግብ የሚቻለውን ያህል ያድጋል። ከዚህ የተገኘው የእድገትና የአልኮል ልክ ለአጭር ጊዜ ይያዛል፤ ከዕቃው ውስጥ የተበላው ስኳር ይቀነሳል፤ ከዚያም ሒሳቡ እንደገና ይጀመራል።

ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ከእያንዳንዱ ስንት ይጨመር? አየሩስ መቼ ይዘጋ? አየር ሲኖር ተሕዋስያኑ ይበዛሉ፤ ሲዘጋ አልኮሉ ይበረክታል። (ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን እርሾና ባክቴሪያ በአንድ ጋን ማኖሩን ከጥንት ያውቁበታል፤ መጠኑን የሚወስኑት ግን በልማድ ነው።) መጠኑና ሰዓቱ በሒሳብ ሲመረጡ፥ በሰዓት የሚገኘው አልኮል ተሕዋስያኑ ለየብቻ ሲሠሩ ከሚገኘው ወደ እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ።

ይህ እጥፍ ግን ሁለቱም በአንድ ሙቀትና በአንድ አሲድነት እኩል ይመቻቸዋል ተብሎ የተሰላ ነው። እርሾ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀትና አሲድ ያለበት ፈሳሽ ይወዳል፤ ኢ. ኮላይ 37 ዲግሪና አሲድነት የሌለው ይስማማዋል። ተመራማሪዎቹም የአንዱ ወይም የሌላው የአመጋገብ ፍጥነት በስንት ቢቀንስ ጥቅሙ ይጠፋል ብለው ደግመው አሰሉ። ለእኛ ከእጥፉ ይልቅ ይህ ሁለተኛው ስሌት ይበልጥ ጠቃሚ መስሎ ይታየናል። በቤተ ሙከራ ሊፈትነው የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ እያንዳንዱን ተሕዋሲ ለብቻው፥ በጋራው ሙቀትና አሲድነት አሳድጎ ፍጥነቱን መለካት አለበት፤ ልኩ ከዚያ ወሰን በታች ከሆነ ማቀላቀሉ ትርፍ የለውም።